ለጀማሪ ፖሊሽ ማሽን የትኛው ስፖንጅ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የመኪናዬን ቀለም ራሴ ልወልውል ብዬ ፖሊሽ ማሽን ገዛሁ፤ እየዞረ የሚንቀጠቀጠው ዓይነት ነው፣ ስፖንጅ የሚለጠፍበት ሳህን 125 ሚሊሜትር። ስፖንጁ በየቀለሙ ሞልቷል። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የስፖንጁን ቀለም እርሳው። የአንዱ ፋብሪካ ብርቱካናማ ከሌላው ጋር አይገናኝም፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብብ። ስፋቱ ከሳህኑ ትንሽ ይብለጥ፣ ከ135 እስከ 150 ሚሊሜትር ይሆናል፣ አለዚያ የሳህኑ ጠርዝ መኪናውን ይፍቀዋል። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሦስት፣ ለስላሳ አንድ ያዝ። ሦስት ያልኩህ እየቀያየርክ እንድትሠራ ነው፤ ስፖንጅ በፖሊሽ ሲሞላና ሲግል ሥራው ይበላሻል። ጠንካራውን ለጊዜው ተወው። ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ለፕላስቲክና ለጎማ ጠርዞች መሸፈኛ የወረቀት ፕላስተር፣ ለስፖንጁ ማጽጃ ብሩሽ ጨምር። ደግሞ መኪናውን በደንብ ሳታጥብ እንዳትጀምር፣ አሸዋ ከቀረ ስፖንጁ ራሱ ይጭረዋል።