በግል መኪናችሁ ወደ ጥሪ ለምትሮጡ ልጆቼ

ይህን የምጽፈው ከእንቅልፋችሁ ወይም ከማዕድ ተነሥታችሁ በገዛ መኪናችሁ ወደ አደጋ ቦታ ለምትሮጡ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ በጎ ፈቃደኞች ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ሥራ ነውና ጥሪ ሲመጣ ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ እግርም ነዳጁ ላይ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ «ተረጋጉ» ብዬ ብቻ አላልፋችሁም። መቸኮላችሁ ምክንያት አለው። ልቡ ቀጥ ያለ ሰው ደረቱን የሚጫንለት ካላገኘ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ይህን እያወቀ ዝግ ብሎ መንዳት የሚቀለው ሰው የለም።

እስቲ ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አደጋው 5 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትነዱ 5 ደቂቃ ይፈጅባችኋል፤ በ80 ብትነዱ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ። ትርፉ 75 ሰከንድ ነው። እሱም ቢሆን የትራፊክ መብራት ካላስቆማችሁ፣ እግረኛ ካላቋረጠ፣ ከፊታችሁ የጭነት መኪና ካልተጋረጠ ነው። አሁን ደግሞ የምትከፍሉትን እዩ። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ60 የሚሄድ መኪና ለመቆም 36 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በ80 የሚሄደው 57 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ፦ በ60 የመጣው መኪና ሙሉ በሙሉ በቆመበት ነጥብ ላይ፣ በ80 የመጣው ገና በ60 ገደማ እየሄደ ነው። እዚያ ነጥብ ላይ ሕፃን ቢኖር አንዱ አሽከርካሪ ደንግጦ ቤቱ ይገባል፤ ሌላው ሕፃኑን ይገድላል።

አንድ ሌሊት በመስቀለኛ መንገድ ላይ የደረስኩበትን መኪና አልረሳውም። የእኛው ባልደረባ ነበር፣ ገና አዲስ ገቢ። ጓንቶቹ ከቦርሳው ወጥተው ወንበሩ ላይ ተበትነዋል። ሬዲዮው ከእግሩ ሥር ወድቆ የጥሪውን አድራሻ ይደግማል። ቀበቶውን አላሰረም። እሱ የመታት መኪና ውስጥ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ነበረች። ቡድናችን እዚያው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ እሱን፣ ግማሹ እነሱን ይዞ ቀረ። መጀመሪያ የጠራን ሰው ዘንድ ከሌላ ጣቢያ ሰው መላክ ግድ ሆነ፣ ያም ዘግይቶ ደረሰ። ሁሉም በሕይወት ተረፉ፤ ባልደረባችን ግን ወደ ሥራው አልተመለሰም። አንድ ሰው ሲጋጭ ጥሪው ሁለት ይሆናል፣ ሠራተኛው ግን ይጎድላል። በአሜሪካ የሥራ ላይ ሞት መዝገብ ውስጥ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ከልብ ድካም ቀጥሎ ለረጅም ዓመታት ሲጠቀስ የኖረው የተሽከርካሪ አደጋ ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች ዘንድ ደግሞ የግል መኪና በዚህ መዝገብ ትልቅ ድርሻ አለው።

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት በመብቱ ጉዳይ ነው። መኪናው ላይ የምትለጥፉት መብራት አምቡላንስ አያደርገውም። የኒውዮርክ ግዛት ሕግ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኛ በግል መኪናው ሰማያዊ፣ የአምቡላንስ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ አረንጓዴ መብራት እንዲያበራ ይፈቅዳል። ነገር ግን መብራቱ ሌላውን አሽከርካሪ «እባክህ አሳልፈኝ» ማለት ብቻ ነው፤ ከፍጥነት ወሰን በላይ መንዳትም ሆነ ቀይ መብራት መጣስ አይፈቅድም። በብሪታንያም ሐኪም በመኪናው ላይ አረንጓዴ መብራት ማብራት ይችላል፣ የፍጥነት ወሰኑ ግን እንደማንኛውም ሰው ይመለከተዋል። በጀርመን የትራፊክ ሕግ ሌላው አሽከርካሪ መንገድ የመልቀቅ ግዴታ የሚኖርበት ሰማያዊ መብራትና ሳይረን አንድ ላይ ሲሠሩ ነው። በግል መኪናችሁ ሁለቱ አንድ ላይ የሉም። ልባችሁ ውስጥ ያለውን ጥሪ መንገድ ላይ ያለው ሰው አይሰማውም።

ፖሊሱም አይሰማውም። እሱ ዘንድ የደረሰው አራቱንም ፍሬቻ እያበራ በ100 የሚበር አንድ የግል መኪና ነው። «ጥሪ ላይ ነኝ» ማለትን የጠጣም ሰው ያውቅበታል። ያ መኪና አደጋ ቢያደርስ አስከሬን የሚያነሣው፣ ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ መርዶ የሚናገረው ራሱ ፖሊሱ ነው። ስለዚህ ሲያስቆማችሁ እንደ ጠላት አትዩት።

ይህን ስል ፖሊስ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። በ2009 በኦክላሆማ አንድ የሀይዌይ ፖሊስ ታማሚ የጫነ አምቡላንስ አስቁሞ ከባለሙያው ጋር መንገድ ዳር ተናንቋል፤ ቪዲዮው ብዙ አነጋገረ። በ2014 በካሊፎርኒያዋ ቹላ ቪስታ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪናውን ከቆመበት አላነሣም ያለ ሠራተኛ፣ ተጎጂዎች ገና እየታከሙ፣ በካቴና ታስሮ ፖሊስ መኪና ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ሁለቱም ጊዜ የእኛ ሰዎች የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ሁሉም በሚያውቀው መኪና ነበር የመጡት። እነሱ እንዲህ ከሆኑ በግል መኪና የመጣ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ገምቱ። እኔ ከሁለቱም ታሪኮች የያዝኩት ማን ትክክል እንደነበር አይደለም። ጭቅጭቁ በቆየበት ሰዓት ሁሉ ታማሚው አጠገብ ሊሆን የሚገባው እጅ ሌላ ቦታ ነበር።

ፖሊስ ካስቆማችሁ ወዲያው ቁሙ። «ቦታው ስደርስ አስረዳዋለሁ» ብሎ መቀጠል ሽሽት ተብሎ ይያዛል። እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ፤ ማን እንደሆናችሁና ወዴት እንደምትሄዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ከዚያ ፈቃድ ጠይቃችሁ ለጥሪ ማዕከሉ «ቆሜያለሁ፣ ሌላ ሰው ላኩ» በሉ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም እናንተ ትመጣላችሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ። መታወቂያ አፍንጫው ሥር አታወዛውዙ። ቅጣት ከጻፈላችሁ ተቀበሉ። በደል ነው ካላችሁ በማግስቱ በአለቃችሁ በኩል አቤት በሉ፤ መንገድ ዳር ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

እነዚያ 75 ሰከንዶች ያሳዝኗችኋል? እኔንም ያሳዝኑኛል። ግን የሚገኙት ከመሪው በፊት ነው። ተረኛ በሆናችሁበት ሌሊት ልብስና ጫማ ከአልጋው አጠገብ፣ ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ መኪና ፊቷን ወደ መውጫው አዙራ፣ የነዳጅ ታንከሯ ሙሉ። ወደ ጣቢያው የሚወስዱ ሁለት መንገዶችን ቀን ላይ ነድታችሁ ልመዱ፤ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበትን ሰዓትና ውኃ የሚተኛበትን ማጠፊያ እወቁ። ቁልፍ ፍለጋ ቤት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ዞሮ አስፋልት ላይ አንድ ደቂቃ ለማካካስ ነፍስ የሚያስይዝ ወጣት ብዙ አይቻለሁ፤ ይህ ያናድደኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአለቆቻችሁ ጠይቁ። የአካባቢው ትራፊክ ፖሊሶች ልምምድ ላይ ይጋበዙ። አደጋ ቦታ ላይ ትልቁ መኪና የት ቆሞ ለሠራተኞቹ ከለላ እንደሚሆን፣ መንገዱን መቼና ማን እንደሚከፍት፣ ጥሪ ማዕከሉ ተረኛውን የፖሊስ ኃላፊ በየትኛው ስልክ እንደሚያገኝ ሌሊት ሳይሆን ቀን፣ ሻይ ይዛችሁ ተነጋገሩ። የእናንተን ፊት አንድ ጊዜ ያየ ፖሊስ መስኮታችሁን ሲያንኳኳ አነጋገሩ ሌላ ነው። አለቃው ጊዜ የለኝም ካላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ደግማችሁ አንሡት።