አዲስ ከተማ ገብታችሁ ቤት ልትከራዩ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ ከቧንቧ ባለሙያው ጋር

ሥራዬ የቤት ውሃ፣ ፍሳሽና እርጥበት ነው። ስለ ውልም የማውቀውን እመልሳለሁ። የትኛው ሰፈር ይሻላል ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፤ የምትሄዱበትን ከተማ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል፣ ደጋግሜም እላቸዋለሁ። ውስጡን ገብታችሁ ላላያችሁት ቤት ቤሳ ቤስቲን አትክፈሉ። ቤት ስታዩ ደግሞ ቆማችሁ ከማየት አልፋችሁ አሠሩት፦ ቧንቧ ክፈቱ፣ ሽንት ቤት ልቀቁ፣ መብራት አብሩ፣ መስኮት ክፈቱና ዝጉ። አብዛኛው የቤት ችግር የሚታወቀው ቤቱ ሲሠራ ነው።

ጀማሪ ተከራይ፦ ጋሼ፣ ጥሩ የኪራይ ቤት እንዴት ነው የሚመረጠው?

መልስ፦ እንዲህ ሰፍቶ ሲመጣ መልስ የለኝም። ስንት ሆናችሁ እንደምትኖሩ፣ ሥራህ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ያየኸው ቤት ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ጽፈህ ተመለስ።

ተማሪዋ፦ አከራዩ «ውሃ በፍጹም ችግር የለም» ይላል። እውነቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘሽ ሂጂ። የሻወሩን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ክፈቺና በስልክሽ ሰዓት እየያዝሽ ሙዪው። በ15 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 8 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ለሻወር ከ6 እስከ 9 ሊትር ደህና ነው። ግማሽ ደቂቃ ከፈጀ ግን 4 ሊትር ብቻ ነው፤ በዚያ ፀጉር መታጠብ መከራ ነው። ከዚያ ሻወሩን ሳትዘጊ የማድ ቤቱን ቧንቧ ክፈቺ፣ ሽንት ቤቱንም ልቀቂ። ሻወሩ ወደ ጠብታ ከወረደ ብዙ ጊዜ ወይ መስመሩ ከመጀመሪያው ቀጭን ነው፣ ወይ ቧንቧው ውስጡ ዝጎ ጠቧል። ሁለቱም ቧንቧ ሳይቀየር አይስተካከሉም፤ «የሻወሩን ራስ እቀይርልሻለሁ» ቢልሽ እንዳትቀበዪ።

ግፊቱ ከየት እንደሚመጣም ጠይቂ። ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር በራሱ የሚወርድ ከሆነ ግፊት የሚሰጠው ከፍታው ብቻ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይሰጣል። ታንከሩ ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያለሽ ግፊት 0.2 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሕንፃ የሚቸገረው የመጨረሻው ፎቅ ነው፤ ምድር ላይ ያለው ተከራይ ግን «ውሃማ እንደ ጉድ ነው» ይልሻል፣ አልዋሸም። ከከተማው መስመር በቀጥታ የሚመጣ ከሆነም ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት መጀመሪያ የሚቋረጠው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። በፓምፕ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ ይጠፋል። ረፋድ ላይ የለካሽው ስለ ጠዋቱ አንድ ሰዓት አይነግርሽምና ከቻልሽ ጠዋት ወይ ማታ ተመልሰሽ ለኪ።

ሻወሩ ላይ በቀጥታ የሚገጠም ማሞቂያ ካለ፣ ውሃው ሲቀጥን አይበራም፤ ስለዚህ አብርተሽ ውሃው እስኪሞቅ ጠብቂ። ቦይለር ከሆነ ሊትሩንና ዋቱን ጎኑ ላይ አንብቢ። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 1500 ዋት የሆነው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ሦስት ሰው ጠዋት በተከታታይ የሚታጠብ ከሆነ አስቢበት።

የውሃውን ቀለምም እዪ። መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ በአንድ ሁለት ደቂቃ ከጠራ ቤቱ ባዶ ስለቆየ ነው። ካልጠራ ቧንቧው ወይም ታንከሩ ዝጓል።

ሦስተኛ ፎቅ፦ እንግዲህ ጋሼ የላይኛውን ፎቅ ይህን ያህል ባናጥላላው! ከላይህ የሚረግጥ የለም፣ ብርሃን አለ፣ አየር አለ። ውሃ በባልዲ ይያዛል፤ ጫጫታ ግን በምን ይያዛል?

የልጆች እናት፦ ባልዲውን ማን ይሸከማል? ሊፍት ከሌለ ሕፃን አቅፎ፣ ዕቃ ይዞ አራት ፎቅ መውጣት በየቀኑ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ምድር ቤትስ? የመንገዱ አቧራ፣ የፍሳሽ ሽታ፣ መስኮት ከፍቶ መተኛት የማይቻልበት።

መልስ፦ የላይኛው ፎቅ አይከራይ አላልኩም፤ ተለክቶ ይከራይ ነው ያልኩት። የላይኛው ፎቅ ሌላም ጣጣ አለው፦ ጣሪያው። ኮርኒሱን ዞራችሁ እዩ። ጠርዙ የጠቆረ ቢጫ ክብ ካለ ውሃ ወርዶበታል። በአንድ ክብ ውስጥ ሌላ ክብ ካያችሁ ከአንድ ጊዜ በላይ ወርዷል፤ ጥገናው አልያዘም ማለት ነው። አሁን ይህ ይብቃ።

የማታ ሠራተኛ፦ ቀን ነው የምተኛው። ጸጥታውን እንዴት ላጣራ?

መልስ፦ በምትተኛበት ሰዓት ሂድ። መኝታ ቤቱን መስኮት ዝጋና አሥር ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ትምህርት ቤት፣ ብረት ቤት፣ የጸሎት ቤት ድምፅ ማጉያ፣ ጄኔሬተር በአካባቢው እንዳለ ለአከራዩ ሳይሆን ለጎረቤት ጠይቅ።

ጀማሪ ተከራይ፦ ጋሼ፣ ውሃውን እንዴት ነው የምፈትነው?

መልስ፦ ከላይ ለተማሪዋ በዝርዝር መልሻለሁ። አንብበው። ያልጻፍኩትን ግን ልጨምርልህ፤ ቆጣሪውን እይ። በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጋና ቁጥሩንና ትንሿን የምትሽከረከር ኮከብ ፎቶ አንሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተመልሰህ እይ። ከተንቀሳቀሰች የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ሂሳቡን የምትከፍለው ደግሞ አንተ ነህ። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ነው። ክዳኑን አንስተህ የምግብ ቀለም ጠብ አድርግበትና ሳትለቀው ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው አያጠብቅም። እሱ ቀላል ነው፣ ግን ከመግባትህ በፊት ይቀየር በል።

የልጆች እናት፦ ጋሼ፣ ያየሁት ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ግን አንዱ መኝታ ቤት ውስጥ የሆነ የእርጥበት ሽታ አለ። ልጄ አስም አለበት።

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ አንብቢኝ። የግድግዳ እርጥበት ሦስት ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

አንደኛው ከመሬት የሚወጣ ነው። ምድር ቤት ላይ ይታያል፣ ከወለሉ ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል። ላዩ ላይ የማዕበል ዳር የመሰለ መስመርና ነጭ ጨው ታያለሽ። ቀለሙ ያብጣል፣ ልስኑ ሲነካ ይረግፋል። ተከራይ ይህን ምንም ሊያደርገው አይችልም።

ሁለተኛው ከፈሰሰ ውሃ የሚመጣ ነው። መታጠቢያ ቤት በሚዋሰን ግድግዳ፣ ከላይ ጎረቤት መታጠቢያ በታች፣ ከጣሪያ ውሃ መውረጃ አጠገብ ይሆናል። ቅርጹ ክብ ወይም ወደ ታች የወረደ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ላይኛው ሰው ሲታጠብ ይብሳል።

ሦስተኛው የቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ የሚቀመጥበት ነው። ማዕዘን ላይ፣ መስኮት ዙሪያ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ይሠራል። አራት ሰው ያለበት ቤት በምግብ፣ በሻወር፣ በትንፋሽና በልብስ ማድረቅ በቀን ወደ 10 ሊትር ውሃ አየር ላይ ይለቃል፤ መውጫ ካላገኘ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ይህ በአየር ማስወጫና መስኮት በመክፈት ይሻላል። የቤቱን የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ማቆየት ነው ግቡ፤ ትንሽ መለኪያ ገዝተሽ ማየት ትችያለሽ።

አዲስ ቀለም ብቻውን ክፉ አይደለም። ቤቱ ሁሉ ተቀብቶ ከሆነ ደህና፤ አንድ ማዕዘን ወይም የግድግዳው ታችኛው ክፍል ብቻ ከሆነ ግን የተሸፈነ ነገር አለ። የተገጠመውን ቁም ሳጥን ከፍተሽ ራስሽን አስገቢና አሽቺ፣ ሽታ እዚያ ውስጥ አይደበቅም። ግድግዳውን በጣትሽ አንኳኪ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ለቋል። በእጅሽ ጀርባ ነክተሽ ቅዝቃዜውን ከአጠገቡ ግድግዳ ጋር አነጻጽሪ።

አከራዩ ከፈቀደልሽ የአልሙኒየም ፎይል ፈተናውን አድርጊ። ክንድ በክንድ የሚያህል ፎይል ደረቅ አድርገሽ በጠረጠርሽው ቦታ ላይ ለጥፊ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ዝጊ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተዪው። ስታነሺው በግድግዳው በኩል ያለው ገጽ ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ያለው ከረጠበ እንፋሎት ነው።

ቸኳዩ፦ እኔ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፣ ይሄን ሁሉ ማድረጊያ ጊዜ የለኝም። ፎቶውን አይቼ የወደድኩት ቤት አለ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ግማሹን ብልክለት ቁልፉን በመልእክተኛ ይልካል።

መልስ፦ አትላክ። ከላይ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ፦ ውስጡን ገብተህ ላላየኸው ቤት ቤሳ ቤስቲን አትክፈል። ውጭ ያለ ባለቤት፣ ከአካባቢው ዋጋ በጣም የረከሰ ኪራይ፣ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» የሚል ጥድፊያ፣ ማሳየት የማይችል ሰው፤ ሁሉም አንድ ላይ ከመጣ የማጭበርበር ምልክት ነው። ፎቶዎቹን በምስል ፍለጋ አስገባቸው፤ በሌላ ከተማ ስም ሊወጡ ይችላሉ። ጊዜ ከሌለህ ለሁለት ሦስት ሳምንት ጊዜያዊ ማረፊያ ያዝ፤ ቢወደድም የተሳሳተ የዓመት ውል ከሚያስወጣህ ያንሳል። የምታምነው ሰው እዚያ ካለ በቪዲዮ እየደወለ ቧንቧውን እያስከፈትከው ያሳይህ።

ተማሪዋ፦ የመብራቱስ ነገር?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም። ኤሌክትሪሺያኑ ካለ ይመልስልሽ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ አለሁ። የብሬከር ሳጥኑን ክፈቺ። የአገሩ መስመር 230 ቮልት ከሆነ 16 አምፔር ብሬከር 3680 ዋት ይችላል። 2000 ዋት የውሃ ማፍያና 2000 ዋት ምድጃ በአንድ መስመር ላይ አብረው ከበሩ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ሊዘል ይችላል። ቦይለሩ የራሱ መስመርና ብሬከር ሊኖረው ይገባል። መታጠቢያ ቤትን የሚጠብቅ የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ (ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ መስመሩን የሚያጠፋ) ካለ መሞከሪያ ቁልፉን ተጫኚው፤ መጥፋት አለበት። ሶኬት ሦስት ቀዳዳ ስላለው የመሬት መስመር (ኧርዝ) አለው ማለት አይደለም፤ ሦስት መብራት ያለው መሞከሪያ ይነግርሻል።

ቸኳዩ፦ ብሬከሩ ከዘለለ በ32 መቀየር ነው እንጂ ምን ችግር አለው?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እንዳታደርገው! ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለሶኬት በተዘረጋ 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ላይ 32 ብታስገባ ብሬከሩ ሳይዘል ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፤ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ የኛ ሕንፃ ግን ሁሉም 32 ነው፣ ምንም አልሆነም።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ሽቦው 6 ካሬ ከሆነ ልክ ነው። ካልሆነ እስካሁን አልሆነም ማለት አይሆንም ማለት አይደለም።

መልስ፦ ኤሌክትሪሺያኑ ልክ ነው። በዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ልጨምር፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካያችሁና ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ከሌለው ያን ቤት ተዉት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆነ በደንብ አይነድም። «መስኮቱን ትንሽ ከፍተህ ታጠብ» የሚል አከራይ አትስሙ።

የማታ ሠራተኛ፦ መታጠቢያ ቤቱ ይሸታል። ውሉን ልፈርም ነው፣ ልተወው?

መልስ፦ ገና አትፍረም፣ ገና አትተው። ወለሉ ላይ ባለው ማፍሰሻ አንድ ሊትር ውሃ ጨምርና አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ሽታው ከጠፋ ሲፎኑ (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የታጠፈ ቧንቧ) ውስጥ ያለው ውሃ ደርቆ ነው፤ ባዶ ቤት ላይ የተለመደ ነው። ካልጠፋ ሲፎን የለውም ወይም ተሰንጥቋል። አሁን ሽንት ቤቱን ልቀቅና ወለሉን አዳምጥ። ከማፍሰሻው ጉርጉር የሚል ድምፅ ከመጣ ወይ አየር መተንፈሻ ቱቦ የለም፣ ወይ ዋናው መስመር በከፊል ተደፍኗል፤ የሚወርደው ውሃ የሲፎኑን ውሃ ይዞት ይሄዳል፣ ሽታውም ይመለሳል። በየቀኑ ውሃ እየጨመርክ መኖር መፍትሔ አይደለም።

ጀማሪ ተከራይ፦ ኪራይ ከደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የደመወዝህን አንተ ታውቃለህ። ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ትራንስፖርቱን፣ ውሃውን፣ መብራቱንና የጥበቃውን ደምረህ አነጻጽር። ጊዜህንም ቁጠር፦ በአንድ ጉዞ 45 ደቂቃ፣ ደርሶ መልስ፣ በወር 22 የሥራ ቀን 33 ሰዓት ነው። መንገዱን በሥራ መግቢያ ሰዓት ራስህ ሞክረው።

ተማሪዋ፦ ውሉ ላይ ምን ልይ?

መልስ፦ ባለቤትነቱን የሚያሳየው ሰነድ ላይ ያለው ስምና ፈራሚው አንድ ይሁን፤ ወኪል ከሆነ ውክልናውን አንብቢ። ተከራይ ሆኖ መልሶ የሚያከራይ ከሆነ የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይኑር። መያዣው በምን በምን እንደሚቆረጥና በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ኪራይ መቼና በስንት እንደሚጨምር፣ ለመልቀቅ ሁለቱም ወገን ስንት ቀን አስቀድመው እንደሚያሳውቁ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ማን እንደሚጠግን ይጻፍ። የቆጣሪ ንባቡን በገባሽበት ቀን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ያለፈው ሂሳብ መከፈሉን ደረሰኝ ጠይቂ። ስንጥቁን፣ ጭረቱን፣ የተሰበረውን መስታወት ዕቃ ሳታስገቢ ፎቶ አንሺ። ከዚህ የጠለቀውን የሕግ ሰው ጠይቂ።

ቸኳዩ፦ ኢንተርኔት የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ አላውቅም። ጎረቤት ጠይቅ።

የልጆች እናት፦ ጋሼ፣ ፎይሉን አስፈቅጄ ለጠፍኩት። ዛሬ ሳነሳው በግድግዳው በኩል ያለው ረጥቧል። አከራዩ «ደግሜ ቀለም እቀባልሻለሁ» አለ። ቤቱን በጣም ወድጄዋለሁ።

መልስ፦ ቀለም አይፈታውም፤ ቢበዛ ጥቂት ወር ይሸፍነዋል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ምን እንዳለ እዪ። መታጠቢያ ቤት ከሆነ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተሽ ቆጣሪውን እዪ፤ ከተንቀሳቀሰና የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ካላፈሰሰ ቧንቧ ነው፣ ይከፈትና ይጠገን። ካልተንቀሳቀሰ ብዙ ጊዜ የሻወሩ ሴራሚክ መጋጠሚያ ወይም ማፍሰሻው ዙሪያ ነው የሚያሳልፈው፤ እሱ ቆጣሪ ላይ አይታይም። ከጀርባው ውጭ ከሆነ የጣሪያ ውሃ መውረጃውን፣ በግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ካለም እዪ። አከራዩ ምክንያቱን አስጠግኖ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ፎይሉን ድገሚው፤ የልስን ግድግዳ ለመድረቅ ሳምንታት ይወስዳል። ሁለተኛው ፎይል ደርቆ ሳታዪ፣ ለዚያ ልጅ ስትይ፣ መያዣ አትክፈዪ። አልጠብቅም ካለሽ ሌላ ቤት ፈልጊ።