የደንብ ልብስ ለባሹ የጤና አገልግሎት ከቴራፒስት ምን ይጠይቃል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። አሜሪካ የመጣሁት ከአገር ቤት በፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ ነው፤ ግሪን ካርድ ካገኘሁ 2 ዓመት ሆኖኛል። የባሕር ኃይል የሚመስል ልብስ የለበሱ ቴራፒስቶች አይቼ ብጠይቅ የሕዝብ ጤና አገልግሎት መኮንኖች ናቸው ተባልኩ። እኔስ መግባት እችላለሁ? ውትድርና ነው? ባለቤቴም የንግግር ቴራፒ እየተማረች ነው።

መልስ፦ በግሪን ካርድ አይገባም፤ የአሜሪካ ዜግነት የግድ ነው። ሹመቱንም 44 ዓመት ሳይሞላዎት ማግኘት አለብዎት። ገደቡ ከፍ የሚለው ቀደም ሲል በደንብ ልብስ ላገለገለ ሰው ነው። እንግዲህ ያስሉት፦ ለዜግነት በመደበኛው መንገድ 5 ዓመት በግሪን ካርድ መቆየት ያስፈልጋል፣ ማመልከቻው ከዚያ 90 ቀን ቀድሞ ይገባል። ዜጋ ሲሆኑ 41 ዓመት ይሞላዎታል። የጤና ምርመራውና የጀርባ ማጣሪያው ወራት ስለሚፈጅ የሚተርፍዎት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ዜግነቱን እስኪያገኙ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ፤ የትምህርቱን ጉዳይ ከዛሬ ይጀምሩ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። በውጭ የተማረ ፊዚዮቴራፒስት የትምህርት ማስረጃውን ገምጋሚ ተቋም አስመርምሮ፣ የጎደለውን ኮርስ ሞልቶ፣ ብሔራዊውን ፈተና አልፎ የክፍለ ግዛት ላይሰንስ ሊያገኝ ይችላል። መኮንን ለመሆን ግን ከላይሰንሱ በተጨማሪ ዲግሪው ራሱ ይታያል፤ እውቅና ካለው ፕሮግራም መሆን አለበት። ለፊዚዮቴራፒ እውቅና የሚሰጠው አካል ካፕቲ ይባላል። በየኢንተርኔቱ የሚሸጠው «የሽግግር ዶክትሬት» ላይሰንስ ላለው ሰው የተዘጋጀ ተጨማሪ ትምህርት ነው፤ ካፕቲ እንዲህ ላለው እውቅና አይሰጥም። ስለዚህ ለማንም ትምህርት ቤት ገንዘብ ሳይከፍሉ በፊት የኮሩን (የእነዚህ የሕዝብ ጤና መኮንኖች ድርጅት ነው) የምልመላ ክፍል «ይህ ዲግሪዬ ይበቃል ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። አይበቃም ከተባሉ መደበኛው የፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ይወስዳል። ዛሬ ነገ የማይባልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ለግምገማው ትራንስክሪፕት ብቻ አይበቃም፤ የየኮርሱ ዝርዝር ይዘትና የተግባር ልምምድ ሰዓት ከዩኒቨርሲቲው ማኅተም ጋር በቀጥታ መላክ አለበት። በእጅዎ ይዘው የመጡት ቅጂ አይቆጠርም። ፈተናው ከ200 እስከ 800 ይመዘናል፣ ማለፊያው 600 ነው። በ12 ወር ውስጥ ከ3 ጊዜ፣ በዕድሜ ዘመንዎ ደግሞ ከ6 ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም። «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ የሚገባበት ፈተና አይደለም። ላይሰንሱ ከተገኘ በኋላ ገደብ የሌለበትና ያልተቋረጠ መሆን አለበት። የአንድ ክፍለ ግዛት ላይሰንስ በሌሎች ግዛቶች ባሉ የፌዴራል ተቋማትም ያሠራል።

ውትድርና ነው ወይ ላሉት፣ ኮሩ ከ8ቱ የደንብ ልብስ ለባሽ አገልግሎቶች አንዱ ቢሆንም መሣሪያ አይታጠቅም። ያለው በጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥር ሲሆን የሚመራው የአገሪቱ ዋና የሕዝብ ጤና ኃላፊ የሆነው ሰርጀን ጄነራሉ ነው። ማዕረጉ እንደ ባሕር ኃይል ነው። የአካል ብቃት ፈተና አለ፤ አደጋ ሲከሰትም ቤተሰብ ትቶ መሰማራት አለ። ይህን ከባለቤትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት። ሥራው ግን ለሙያው የሚመጥን ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጤና አገልግሎት ፊዚዮቴራፒስቱ የስኳር ሕመምተኛን እግር ይመረምራል፦ 10 ግራም ኃይል ሲያርፍበት የሚታጠፍ የናይለን ክር እስኪጎብጥ ውስጥ እግር ላይ ይጫናል። ሕመምተኛው ካልተሰማው፣ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር እግሩን ስታቆስለውም አይታወቀውም ማለት ነው። ቁስሉን ማከምም የዚያው ቴራፒስት ሥራ ይሆናል።

ወደ ባለቤትዎ ስንመጣ፣ በንግግር ቴራፒ ማስተርሷን መጨረስ፣ 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ መሙላት፣ ከምረቃ በኋላም ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በባለሙያ ክትትል መሥራት አለባት። ይህ ሳይሟላ የንግግር ቴራፒስቶች ብሔራዊ ማኅበር የሙያ ብቃት ሰርተፍኬት አይሰጥም። የክትትሉን ጊዜ ከመጀመሯ በፊት የሚከታተላት ባለሙያ ይኸው ሰርተፍኬት ያለው መሆኑን ታረጋግጥ፤ ከሌለው የሠራችው ሰዓት አይቆጠርላትም።