የታፈነች ወይራ

ጥያቄ፦ አንዲት የወይራ ችግኝ ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን ውስጥ ቦንሳይ (በትንሽ ዕቃ ውስጥ እየተገረዘ ድንክ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ) አድርጌ እያሳደግኩ ነው። አፈሩ ከጓሮዬ ያመጣሁት ዋልካ ነው። ሳጠጣት ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል፤ ቅጠሏም ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። የጃፓን አፈር ካልተገኘ አይሆንም ይሉኛል። እውነት ነው? (መምህርት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወይራዋ ታፍናለች እንጂ አልተራበችም። ዋልካ ለሽምብራ ማሳ ደግ አፈር ነው፤ ሳህን ውስጥ ሲገባ ግን ሲርስ አብጦ፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥሩን አየር ይነሣዋል። እኔም የመጀመሪያዋን ጽዴን ያጣሁት በዚሁ አፈር ነው። ስነቅላት የሥሯ ልጣጭ በጣቴ እየተሸለቀቀ ረግረግ ረግረግ ይሸት ነበር።

ጥልቀት የሌለው ሳህን ውሃ ቶሎ የሚያንጠፈጥፍ ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነክረው አጋድመው ይያዙት። መንጠባጠቡን ሲያቆም ደግሞ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ እንደገና ይፈስሳል። ቁመት ሲያጥር ውሃው ከታች ይቀራል። የቦንሳይ አፈር ዱቄት ሳይሆን ጠጠር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጃፓኖች አካዳማ የሚሉት ካንቶ ከተባለው አካባቢያቸው የሚወጣ ፍሬ ፍሬ ያለ የእሳተ ገሞራ ሸክላ አፈር ነው። ውሃ በውስጡ ይይዛል፣ አየር በመካከሉ ያሳልፋል። ይህን ሥራ የሚሠራ ነገር በየቤታችን አለ፤ ገል ነው። የተሰበረ እንስራ ወይም ጀበና በመዶሻ ይከስክሱ። ምጣድ ከሆነ በጎመን ዘር የታሸው ጥቁር ገጽ ውሃ ስለማያስገባ ያንን ይተዉት። አንድ ስባሪ ውሃ ውስጥ አሳድረው ጠዋት በጣትዎ ይጭመቁት፤ ጭቃ ከሆነ በደንብ አልበሰለምና ይጣሉት።

ከዚያ ብሎኬት የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ቀላል ቀይ ድንጋይ ይፈልጉ። ሁለቱንም በወንፊት ነፍተው ከስንዴ ፍሬ ያላነሰውን፣ ከአተር ያልበለጠውን ብቻ ያስቀሩ። እኔ ለወይራ ሁለት እጅ ገል፣ ሁለት እጅ ቀይ ድንጋይ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ እቀላቅላለሁ። ለጽድ ብስባሹን እተዋለሁ።

አሁኑኑ አይንቀሏት። የካቲት ላይ በልጉ ሲያስገመግም ያዛውሯት፤ እስከዚያ ውሃ ይቀንሱላት። የበሰበሰውን ሥር ብቻ ይቁረጡ፤ ጤነኛው የሚያስፈልጋት ዘንድሮ ነው። አዲሱ አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ በፀሐይ ወራት በየቀኑ ይመልከቷት፤ ምግብም ስለሌለው አዲስ ቅጠል ስታወጣ የቀጠነ የፍግ ውሃ ይስጧት።

ያዛወሯት ዕለት ሲያጠጧት ውሃው ወዲያው በታች ቀዳዳ መውረድ አለበት። ላዩ ላይ ከተኛ ዱቄቱ አልወጣም ማለት ነውና አውጥተው እንደገና ይንፉት።