መልስ፦ የጣና ሞዴሉ ወንዞቹን ለምን አይቆጥርም?

ወንድሜ፣ «ለሒሳብ መመረቂያዬ የጣናን ከፍታ በዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ሠራሁ፤ ወደ ሐይቁ የሚፈሰውን ግልገል አባይን ባስገባውም ባወጣውም ውጤቱ ንቅንቅ አይልም» ላልከው፦ የከዳህ ቀመሩ ሳይሆን መለኪያው ነው። ዝናብና ትነት በቀን በሚሊ ሜትር፣ ፍሰት ግን በሰከንድ በሜትር ኩብ ነው የሚመዘገበው። ፍሰቱን በ86,400 (በአንድ ቀን ሰከንዶች) ሳታባዛ ከደመርከው ከቁጥር አይገባም።

መፈተሻው ቀላል ነው። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር ከፍታ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በሰከንድ 35 ሜትር ኩብ ቀኑን ሙሉ ሲፈስም 3.02 ሚሊዮን ይሞላል፤ እኩል በለው። ኮድህ ይህን ካላወጣ ወደ ፊት አትሂድ።

ዋናው ወጥመድ ግን መውጫው ነው። አባይን ባሕር ዳር ላይ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ የጨራ ጨራ ግድብ በሮች ይቆጣጠሩታል፤ ከ2010 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በምዕራብ በኩል ውሃውን በዋሻ ይወስዳል። ስለዚህ መውጫውን የከፍታው ፋንክሽን ብቻ አድርገህ ሁሉንም ዘመን በአንድ ቀመር ብታስኬደው መስመሩ አይገጥምልህም። መረጃውን በእነዚህ ዓመታት ቆርጠህ ለየብቻ ግጠም። የአንድ ቀን እርምጃ ያለው የኦይለር ዘዴ ይበቃል፤ ይበልጥ ውስብስብ የሆነው የሩንጌ ኩታ ስሌት እዚህ ጌጥ ነው።