ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ ግን የኤርትራ ነው፤ ወጥቼ መመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ አስመራ ተወልጄ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። በዲቪ መጥቼ ቨርጂኒያ እኖራለሁ። እናቴ አዲስ አበባ ታማብኛለች፤ ሄጄ ላስታምማት እፈልጋለሁ። ፓስፖርትህ የኤርትራ ስለሆነ ደለስ ኤርፖርት ላይ ይመልሱሃል እያሉ ያስፈራሩኛል። ደግሞስ ትራምፕ በአንዳንድ አገሮች ዜጎች ላይ የጣለውን የመግቢያ እገዳ እንደ 2017ቱ ፍርድ ቤት አያነሳውም?

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሚያስፈራሩዎት ሰዎች ከመሬት ተነስተው አይደለም። በጃንዋሪ 2017 የመጀመሪያው እገዳ ሲፈረም አውሮፕላን ላይ የነበሩ ባለ ግሪን ካርዶች ሲያርፉ ተይዘው ለሰዓታት ተጠይቀዋል። ቋሚ ነዋሪን እንደማይመለከት ዋይት ሐውስ በጽሑፍ ያረጋገጠው ከቀናት በኋላ ነው።

አሁን ያለው አዋጅ እንደዚያ ተድበስብሶ አልተጻፈም። ጁን 4 ቀን 2025 የተፈረመው አዋጅ ኤርትራን ሙሉ በሙሉ ከታገዱት 12 አገሮች አንዷ ቢያደርጋትም፣ ቋሚ ነዋሪዎችን በግልጽ አውጥቷቸዋል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የመጣው ማስፋፊያም ይህን አልነካም። ስለዚህ በፓስፖርትዎ ምክንያት ብቻ ሊመልሱዎት አይችሉም።

እኔን የሚያሳስበኝ የሚቆዩበት ጊዜ ነው። ማስታመም ቀን ቆርጠው የሚገቡበት ነገር አይደለም። ከ180 ቀን በላይ ከቆዩ ሕጉ እንደ አዲስ ገቢ ሊቆጥርዎትና ሊመረምርዎት ይችላል፤ ዓመት ከሞላዎት ደግሞ ካርዱ ብቻውን አያስገባዎትም። ረዘም ያለ ቆይታ ካሰቡ ፎርም አይ-131 ሞልተው የዳግም መግቢያ ፈቃድ ይጠይቁ። ማመልከቻው የሚገባው እዚሁ አሜሪካ ውስጥ እያሉ ነው፤ አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ አይሆንም።

ሲመለሱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሊወስዱዎት ይችላሉ። እዚያ ኦፊሰሩ «ፈርምና ቶሎ ትሄዳለህ» ብሎ አይ-407 የሚባል ወረቀት ቢያቀርብልዎ እጅዎን ይሰብስቡ። ያ ወረቀት ግሪን ካርዴን በፈቃዴ ትቻለሁ ማለት ነው። ኦፊሰሩ ነዋሪነትዎን በራሱ ሊሰርዝ ሥልጣን የለውም፤ ካልፈረሙ ጉዳዩ ኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ የማስረዳቱም ሸክም የመንግሥት ነው። ደክሞት፣ እንቅልፍ አጥቶ የፈረመ ሰው ነገር በኋላ ለማቃናት ብዙ ያለፋል። የቤት ኪራይ ውል፣ የታክስ ወረቀትና የእናትዎን የሐኪም ማስረጃ በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ። ስልክዎን ሊፈትሹ ይችላሉ፤ ፓስወርድ አልሰጥም ቢሉ ስልኩን ሊይዙብዎ ይችላሉ እንጂ በዚህ ብቻ ነዋሪነትዎን አይነጥቁም።

ፍርድ ቤቱን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። የ2017ቱን የመጀመሪያ እገዳ የሲያትል ዳኛ በሳምንቱ አስቁመውት ነበር፤ ተሻሽሎ የወጣውን ሦስተኛውን ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 26 ቀን 2018 በ5 ለ4 አጽንቶታል። የክርክሩ እምብርት የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 212(ኤፍ) ነው፤ መግባታቸው ለአገር ይጎዳል ያላቸውን የውጭ ዜጎች ፕሬዚዳንቱ እንዲያግድ ይፈቅድለታል። ተቃዋሚዎች የ1965ቱን ማሻሻያ ጠቀሱ፤ የኢሚግራንት ቪዛ ሲሰጥ በዜግነት ማዳላት ክልክል ነው ይላልና። የዳኞቹ አብላጫ ይህ የሚመለከተው ቪዛ አሰጣጥን እንጂ ማን ሊገባ እንደሚችል አይደለም ብሎ አለፈው። መግባት የማይቻል ከሆነ ቪዛው ምን ይሠራል? እኔ አልተዋጠልኝም። ሆኖም የአሁኖቹ አዋጆች የተጻፉት ያንን ፍርድ መንገድ አድርገው ነው። የማንነት መዝገብ ጉድለትን፣ ቪዛቸው አልቆ የሚቀሩ ሰዎችን ድርሻ፣ የአገሮቹን አለመተባበር እየዘረዘሩ ያስረዳሉ።

አንድ ነገር አልነገሩኝም፤ የዜግነት ማመልከቻ አስገብተዋል? በዲሴምበር 2025 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ኤርትራን ጨምሮ የ19 አገሮችን ሰዎች ፋይል አግዶ ይዟል። ከስድስት ወር በላይ መውጣትም ለዜግነት የሚቆጠረውን ነዋሪነት ሊያቋርጥብዎ ይችላል። ማመልከቻ ካለዎት ትኬት ሳይቆርጡ ፋይሉን ለጠበቃ ያሳዩ።