መልስ፦ ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ከስትሮክ በኋላ ይረዳል ወይ?

ከወራት በፊት ስትሮክ የመታቸው የአባትዎ ቀኝ እጅ፣ ጭንቅላት ላይ በሚበራ ሌዘር ይሻለው እንደሆነ ጠይቀዋል። እስካሁን ያለው ማስረጃ ገንዘብዎን ለዚህ እንዲያወጡ አያበረታታም። ሐሳቡ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ብርሃኑ በሕዋሳት ውስጥ ኃይል የሚያመነጨውን ሚቶኮንድሪያ ያነቃቃል ተብሎ ይታሰባል፤ እንደ ጥንቸል ባሉ እንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቷል። ይሁንና የሰው የራስ ቅል ከጥንቸል ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ወደ አንጎል የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው። ኔስት በሚል ስም በሰዎች ላይ ከተካሄዱት ሦስት ጥናቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመውና 120 ሕሙማንን ያካተተው የመጀመሪያው ጥሩ ውጤት ቢያሳይም፣ 660 ሰዎች የተሳተፉበት ሁለተኛው ይህን አላረጋገጠም፤ ሦስተኛውም በመሃል ሲገመገም ጥቅም ስላልታየበት ተቋርጧል። በሦስቱም ሌዘሩ የተሰጠው ስትሮኩ በተከሰተ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ወራት ላለፋቸው ሕሙማን ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሌዘሩን የሚያቀርብልዎትን ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባውም ለእንዲህ ዓይነት ሕሙማን ማስረጃ እንዳለው ነው። አቅምና ጊዜ ካለዎት ለፊዚዮቴራፒ ያውሉት፤ ኩባያ ማንሳትን፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍን የመሳሰሉ ተግባራትን በደከመው እጅ ደጋግሞ መለማመድ ከወራት በኋላም ለውጥ ያመጣል። የደም ግፊት መድኃኒት ታዝዞላቸው ከሆነ፣ በሌዘሩ ምክንያት እንዳያቋርጡት አደራ።